ነጯ መኪናና የዘሊካ ጉልበት

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ፣ የቦርከና ወንዝ ጉም ግን እስከ ረፋድ የማይገፈፍበት ሰሞን ነበር። የእህልና የቅቤ ነጋዴው አቶ ዘይኑ የሱብሂን ሶላት ሰግደው ከሚሴ አውራ ጎዳና ዳር ቆመው የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ጉሙን ያያል፤ ልባቸው የሚያየው ግን አንዲት ነጭ መኪና ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሳሉ ከአንድ መደብር መስታወት ጀርባ ቆማ ያዩአት አዲስ የቤት አውቶሞቢል ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ በእንቅልፍም በውንም አልተለየቻቸውም። አንዳንዴ ጎማዋ መሬት ሳይነካ በጨፋ ሜዳ ሣር ላይ ስትንሳፈፍ፣ አንዳንዴ የከሚሴ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያሳልፋት ያልማሉ።

ሕልም ብቻ አልነበረም፤ ምክንያትም ነበራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሊካ ጉልበታቸውን ታመዋል። ደሴ ሐኪም ቤት የሚመላለሱት በአውቶቡስ ሲሆን፣ ደርሰው በመጡ ቁጥር ሰንብተው ነው ከአልጋ የሚነሱት። ባቲ የተዳረችው አንዲት ልጃቸው ኡሚ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። ወይዘሮ ዘሊካ ግን፣ “ያንን አውቶቡስ ከምሳፈር እዚሁ ሆኜ ዱዓ ባደርግላት ይሻለኛል” ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ አቶ ዘይኑ ጨፋ ያለውን ያባታቸውን የሣር መሬት ሸጠው ነጯን መኪና ሊያመጡ ቆርጠው ተነስተዋል። የመሬቱ ገዢ ቃላቸውን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ዛሬ የሚሄዱት የመኪናዋን ዋጋ ሊቆርጡ ነው።

ይህን ሲያሰላስሉ ከጉሙ ውስጥ ሁለት ደብዛዛ መብራቶች ብቅ አሉ። ርግብማ ቀለም ያላት አሮጌ አውቶሞቢል ያለ ብዙ ድምፅ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ነጂው የእህታቸው ልጅ እንድሪስ ነበር፤ አዲስ አበባ ተምሮ ደሴ የእጅ ሥራ አስተማሪ የሆነው ወጣት።

“አካም ቡልተን፣ አጎቴ፤ እንዴት አደሩ! በዚህ ብርድ ወዴት ነው?”

“ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አዲስ አበባ መሄዴ ነው። አንተስ?”

“እናቴን ልጠይቅ መምጣቴ ነው። አውቶቡሱ እስኪደርስ ግቡና ተቀመጡ፤ ብርዱ አይምታዎ።”

አቶ ዘይኑ ገብተው ተቀመጡ። ወንበሩን ዳሰሱት፤ ጣራውን ቀና ብለው አዩት።

“የማን ናት?”

“የእኔ። በሁለት ሰው እጅ አልፋ ነው የደረሰችኝ።”

አቶ ዘይኑ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። “አንተ የተማርህ ልጅ! ያገለገለ መኪና መግዛት እኮ የሌላ ሰው በሽታ በገንዘብ መግዛት ነው። እኔስ አዲሷን ነው የማመጣት።” ስለ ነጯ መኪና፣ ስለ ሣሩም መሬት ነገሩት።

እንድሪስ በትሕትና አድምጦ፣ “ያሉት እውነት አለበት” አለ። “የተደበቀ በሽታ ይኖራል። ግን አንቱ በሬ ሲገዙ እንዲያው በመልኩ ይገዛሉ?”

“ወላሂ አላደርገውም! ጥርሱን አያለሁ፣ አስኬደዋለሁ፣ ጭቃ ውስጥ አስገባዋለሁ።”

“ለእርሻስ ወይፈን ይሻላል ወይስ ቀንበር የለመደ?”

“ቀንበር የለመደ እንጂ!” ብለው ሲጨርሱ የት እንደወሰዳቸው ገባቸውና ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ተከላከሉ። “ቢሆንም በሬ ከስቶ ይወፍራል፤ ብረት ግን ካረጀ አረጀ ነው። እኔም በጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ ልጄ፤ በመንገድ ላይ ያልተኛሁበት ተረተር የለም።”

“ለዚህ ነው ከአንቱ ጋር መከራከር ደስ የሚለኝ። አዲስ መኪና ክፉ ነው አልልም፤ ገንዘቡ ለተረፈው፣ መንገዱ ለሚመቸው ደግ ነው። ነገር ግን ከመደብሩ በር በወጣች ማግስት ያገለገለች ትባላለች፤ ብዙው ዋጋዋ እዚያው በር ላይ ይቀራል። አንድ ነገር ቢሰበርባት ደግሞ መለዋወጫው ከሩቅ አገር እስኪመጣ ቆማ ትከርማለች። ይህችን ግን የኮምቦልቻ መካኒክ ሁሉ ያውቃታል። ባቲ ያለውን የጨው ነጋዴ ያውቁት የለም? አዲስ ገዝቶ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሱ እየበሰበሰ መኪናዋን ሸራ ያለብሳል። ቤተሰቡ ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው።”

አቶ ዘይኑ ሳያስቡት ከት ብለው ሳቁ። እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ለመሆኑ እትዬ ዘሊካ የትኛዋን ወደዱ?”

“እሷ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?”

“ጉልበታቸውን ያውቃሉ።”

አቶ ዘይኑ ያን ያህል ጊዜ ያቺን ነጭ መኪና ሲያልሙ፣ ወይዘሮ ዘሊካን አንድም ቀን ውስጧ ተቀምጠው አላዩአቸውም ነበር። ሁልጊዜ የሚያዩት ራሳቸውን ከመሪው ኋላ፣ ሰዉን ደግሞ ከመንገዱ ዳር ነው። ብዙዎቻችን ለቤተሰብ ብለን የምንገዛው ዕቃ እንዲህ ነው፤ ስሙ የቤተሰብ፣ ምኞቱ የራሳችን።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ረዳቱ፣ “አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!” ብሎ ጮኸ። አቶ ዘይኑ የበሩን እጀታ ያዙ፤ ቆይተው ለቀቁት። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

በሳምንቱ ባልና ሚስቱ ከእንድሪስ ጋር በእሱ መኪና ደሴ ወጡ። እዚያ ባለ አንድ መደብር የዚያችው የነጯ እህት ቆማ ነበር። አቶ ዘይኑ ሲያዩአት እርምጃቸውን አፈጠኑ። ወይዘሮ ዘሊካ በሩ ተከፍቶላቸው ሊቀመጡ ዝቅ ቢሉ፣ ዝቅ ቢሉ ወንበሩ አልደርስ አላቸው። በመጨረሻ ዝርግፍ ብለው ወረዱ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ድረስ መጣ። ለመውጣት ባልና የእህት ልጅ ግራና ቀኝ ይዘው ሳቧቸው።

ወይዘሮ ዘሊካ ነጩን በር ዳበስ አደረጉ። “ቆንጆ ናት፤ ሙሽራ ትመስላለች። ግን፣ የኡሚ አባት፣ አይቆጡኝና፣ ስገባባት መቃብር የምወርድ መሰለኝ።”

ከዚያ አንድ ደላላ የምታብረቀርቅ ቀይ ያገለገለች መኪና አሳያቸው። እንድሪስ በሯን በጣቱ ጫፍ ቆረቆረው፤ የብረት ድምፅ አልሰጠም፤ የታፈነ ነበር። “ስቱኮ ነው” አለ። “ዝገቱን ለስነው ቀለም ቀብተውታል።” ኮፈኑን ዳሰሰ። “ሞተሩንም ሳንመጣ አሙቀው ጠብቀውናል። የታመመ ሞተር ሕመሙ የሚታወቀው በብርድ ሲነሳ ነው።”

አቶ ዘይኑ ደስ አላቸው። “አላልሁህም? በሽታ ነው አላልሁህም?”

“ብለውኛል፣ አጎቴ። እኔም መርምሩ አልሁ እንጂ አሮጌ ሁሉ ደግ ነው አላልሁም።”

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ዘመኑ አልቆ መኪናውን ሸጦ ወደ አገሩ ወደሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሐኪም መኖሪያ ሄዱ። መኪናዋ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣራዋ ከፍ ያለ፣ አንድ መከላከያዋ የተጫረ ነበረች። ጤዛ ለብሳ እንዳደረች አስነሷት፤ ተነሳች፤ ጭስዋም ዘይት እንደሚያቃጥል ሞተር ሰማያዊ አልነበረም። አቶ ዘይኑ ራሳቸው መሪውን ይዘው ዳገቱን አወጧት፣ ቁልቁለቱንም በፍሬን አወረዷት። እንድሪስ ከሥሯ ተኝቶ የታች ብረቷን፣ ሻንሲውን፣ ፈተሸ። “ፍሬኗ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ጎማም ትፈልጋለች” አለ፣ ምንም ሳይደብቅ።

ወይዘሮ ዘሊካ ግን ማንንም አልጠበቁም። በሩን ከፍተው ዱካ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ አሉ። ብቻቸውን ወጡ። እንደገና ብቻቸውን ገቡ። ከዚያ ወዲያ መውጣት እምቢ አሉ።

አቶ ዘይኑ መስኮቱ ጋ ቆመው አዩአቸው። ነጯ መኪና ከልባቸው ስትለይ ተሰማቸው፤ አለመከፋት ግን አልቻሉም። ሰው ካማረ ሕልሙ ሲለይ ይከፋዋል፤ ነውርም የለበትም። ነውሩ ለሕልሙ ሲል አጠገቡ ያለውን አለማየቱ ነው።

“በል እንድሪስ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ረትተኸኛል። ይህችን እንወስዳለን።”

አረንጓዴዋ ከሚሴ ከገባች በኋላ ጎረቤታቸው አቶ ኪዳኔ፣ “ምነው ዘይኑ፣ አዲሷ ቀረች?” ብለው ጠየቋቸው።

“ቀረች” አሉ አቶ ዘይኑ። “ለዚህችስ ከንግዴ ያጠራቀምሁት በቃኝና የሣሩ መሬት ተረፈልኝ፤ ከብቶቼ ይግጡበታል። በተረፈኝ ፍሬንና ጎማ አደስሁ። ብትጫር አላለቅስም፣ ብትበላሽ ኮምቦልቻ ይሠሩልኛል። አንተም ልትገዛ ካሰብህ ጠዋት በብርድ አስነሳት፣ ዳገት አውጣት፣ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሥሯን እይ። ከሁሉ በፊት ግን ሚስትህን አማከለችን አስቀምጣትና የምትልህን ስማ።”

ብዙም ሳይቆይ፣ “ኡሚ በሰላም ተገላገለች” የሚል መልእክት ከባቲ ደረሰ። ባልና ሚስት ገና ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ጨፋ በጉም ተሞልቶ ነጭ ባሕር መስሏል፤ የማሽላው ራስ ብቻ ብቅ ብቅ ይላል፤ የማይታዩ ከብቶች ከወዲያ ያገሳሉ። መኪናዋ በዚያ መሐል ቀስ እያለች ትቀዝፋለች። አቶ ዘይኑ ስለ ልጁ ስም ሊያማክሩ ዘወር ቢሉ፣ ወይዘሮ ዘሊካ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሲያቃስቱ እንጂ ሲተኙ አይተዋቸው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ጉድባ ባዩ ቁጥር ፍጥነት እየቀነሱ፣ ጡሩምባ ሳይነፉ ኮምቦልቻን አልፈው ቆላውን ወረዱ። ባቲ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ኡሚ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ሕፃኑን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ብቅ አለች፤ “እማ!” ብላ ልትጣራም አፏን ከፈተች።

አቶ ዘይኑ ሞተሩን አጠፉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።