የግራ እጅጌዬ ጉዳይ

ክቡር ኮሎኔል፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የካምፓችን ሰዎች ሁሉ፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወጥ ቤቶቹን በተለይ። ኬኩ ላይ የጭነት መኪና ለመሥራት ሞክራችኋል፤ አልጋ ቢመስልም ልፋታችሁ ገብቶኛል።

የቢሯችን ጸሐፊ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። "አባባ፣ ንግግሩን እኔ ልጻፍልዎ፣ እርስዎ ያንብቡት ብቻ" ብለሽ ጽፈሽ ሰጠሽኝ። አየሁት። ከላይ እስከ ታች "ደስ ብሎኛል፣ ረክቻለሁ" ይላል። እኔ መቼ ነው የረካሁት? ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ግን የማነበው እኔው ነኝ፣ ማን ያየዋል?

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሲቪል ነኝ። ይህን የማነሳው እንዲያው ለወሬ አይደለም። ከእንግዲህ "አፍህን ዝጋ" የሚለኝ አለቃ የለም ለማለት ነው።

አሁን የግራ እጅጌዬን እዩልኝ። ኋላ ያላችሁ ብድግ ብላችሁ እዩ፣ አታፍሩ። ኮቱ አዲስ ነው፣ እጅጌው አሮጌ ነው። ታች፣ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ፣ ጠቆር ያለች የታጠፈች መስመር አለች። ጨርቁ ዙሪያውን በፀሐይ ሲነጣ እዚያ ጋ አልነጣም። ለምን? ቢጫዋ ጥብጣብ እዚያ ስለነበረች። የመልካም ጠባይ ምልክቴ።

ወታደር ሳይቀጣ ሲቆይ ያቺን ጥብጣብ ያገኛል። ሲያጠፋ ትወሰድበታለች። እንግዲህ የማያውቃችሁ ሰው መንገድ ላይ እጅጌያችሁን አይቶ ስለ እናንተ ይፈርዳል። በእኛ ካምፕ ደግሞ የራሳችን ልማድ አለ፤ ጥብጣቧን በሰልፍ ፊት በምላጭ የሚተረትረው የከሰሰው አለቃ ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ሲታረም የመጀመሪያዋን ስፌት መልሶ የሚሰፋለትም እሱው ነው። የቀረውን ልብስ ሰፊው ይጨርሳል።

የእኔን የተረተሩት ክቡር ኮሎኔል ናቸው። ያኔ መቶ አለቃ ነበሩ። በካቴና አላሰሩኝም፣ እውነቱን ልናገር። ምላጭ ብቻ በቃቸው።

ኮሎኔል፣ አይነሱ። ገና አልጨረስኩም።

የካምፑን በር ግራ ምሰሶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያጋደለውን፣ ወገቡ ላይ ሌላ ሲሚንቶ የተለጠፈበትን። "ማን ነው የገጨው?" ስትሉ ምን ተባላችሁ? "አንድ ሰካራም ሾፌር።" ሾፌሩ እኔ ነኝ። መጠጥ ግን ሽታው ራሱ ራሴን ያመኛል፤ ሠርጌ ላይ እንኳ ውሃ ነው የጠጣሁት።

ያን ቀን ከከተማ ስንመለስ መቶ አለቃው "ቁልፉን አምጣ" አሉኝ።

"ይቅርብዎ፣ ጠጥተዋል" አልኳቸው።

"አንተ ነህ እኔን የምታዘኝ?"

ሰጠኋቸው። አለቃ ናቸው፣ ምን ላድርግ? እሳቸው ነዱ፣ እኔ ከጎን ተቀመጥኩ፣ ምሰሶው ከፊት ለፊት መጣ። ከመኪናው ስንወርድ ክንዴን ይዘው ምን አሉኝ? "አንተ ነህ የነዳኸው። አንተ የምታጣው አንዲት ጨርቅ ነው፣ እኔ ግን ሕይወቴን ነው።" ወዲያው ክሱን ጻፉብኝ።

አንዲት ጨርቅ። በዚያች ጨርቅ ምክንያት አስር አለቃ እንኳ ሳልሆን ጡረታ ወጣሁ። በዚያች ጨርቅ ምክንያት የሚስቴ ወንድም "ከሰካራም ቤት ውሃ አልጠጣም" ብሎ ደጃችንን መርገጥ ተወ። እህቱ ስትቀበር እንኳ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። ዛሬ ጠርቼው መጥቷል፤ ያውና መስኮቱ ሥር፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያደረገው። ደህና አድርገህ ስማ፣ አንተ ሰው። የጠራሁህ ለኬኩ አይደለም።

ሕጉ "ከታረመ ይመለስለት" ይላል። ብዙ ጊዜ ጠሩኝ። "ታርመሃል፣ ና ይሰፋልህ" አሉኝ። ካላጠፋሁት ጥፋት እንዴት ነው የምታረመው? እምቢ አልኩ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ "ተቀብለህ ገላግለን፣ ወንድሜን መልስልኝ" ትለኝ ነበር። "ከተቀበልኩ ሰካራም ነበርኩ ማለት ነው" አልኳት። ልትሞት ስትል ያቺን እጅጌ በጣቷ እየዳበሰች "መለሱልህ?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት።

አዲስ ኮት በታደለ ቁጥር ልብስ ሰፊያችን ጋ እሄዳለሁ። "ይህን አሮጌ እጅጌ አዲሱ ላይ ግጠምልኝ።"

"አበድክ እንዴ? ሁለት ቀለም ይሆናል።"

"ይሁን።"

"ቢጠይቁህስ?"

"ኮሎኔሉን ጠይቁ እላለሁ።"

ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው ግን አልረሱም። ሰልፍ ሲፈትሹ የሁሉንም ግራ እጅጌ ያያሉ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ቀኝ ትከሻዬን ያያሉ። ቀኝ ትከሻዬ ላይ ምን አለ? ምንም። ግራ ክንዴን ትንሽ ወደ ፊት ሰደድ አደርግላቸዋለሁ። ዓይናቸው የሚሸሽባትን ያቺን ቅጽበት ለማየት ነው በየጠዋቱ ከአልጋዬ የምነሳው፤ ሌላ የሚያስነሳኝ ሰውማ ቤቴ ውስጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ አስጠሩኝና በሩን ዘግተው "ያለፈው አልፏል፤ በስንብትህ ዕለት ምልክትህን እመልስልሃለሁ" አሉኝ። ይኸው፣ በሳጥን አስቀምጠው አምጥተዋል። በሳጥን ግን አልቀበልም። በእኔ ላይ ያላለፈው በእሳቸው ላይ እንዴት ያልፋል?

እንግዲህ ምርቃቴን ልስጥና ልቀመጥ። ወጥ ቤቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ሾፌሮች፣ መንገዱ ይቅናችሁ፤ ቁልፋችሁን ለማንም አትስጡ። ልብስ ሰፊው ወንድሜ፣ ዓይንህን ያቆይልህ። አዲስ ገቢዎች፣ እጅጌያችሁ እንዳማረበት ይቆይ፣ ለልጆቻችሁ ታሪክ ይሁን። ለክቡር ኮሎኔል ደግሞ ፈጣሪ ከሁላችሁም የረዘመ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ከማይደበዝዝ ትዝታ ጋር።

ኮቴን አውልቄያለሁ። ይኸው፣ ፊትዎ ዘረጋሁት። ዓይንዎ እንደ ደከመ ስለማውቅ ክሩን መርፌው ውስጥ ራሴ አስገብቼ ነው ያመጣሁት። በልማዳችን የመጀመሪያዋ ስፌት የእርስዎ ናት። መርፌዋን ከመሰካትዎ በፊት መኪናውን ማን እንደነዳ ይናገሩ፤ መስኮቱ ሥር ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

አልችልም ካሉም ሳጥኑን ይዘው ይሂዱ። ኮቱ ግን ከዚህ ጠረጴዛ አይነሳም።

አልቸኩልም። ሻዬንም ገና አልጨረስኩም።