የጋሽ ፍቅሬ ሰፊ ግቢ

ጋሽ መክብብ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራቸው ከታቦር ባጃጅ ሲሳፈሩ ልባቸው ቆርጦ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። ብቸኛ ልጃቸው ፍቅርተ ከሁለት ልጆቿ ጋር አዲስ አበባ በኪራይ ትኖራለች። «የምንገባበት ቤት ካለ እንመጣለን አባዬ» ካለቻቸው ጀምሮ በናፍቆት እንቅልፍ አጡ። መላው ደግሞ ለእሳቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የታቦሩን ግቢ ሸጦ ከከተማው ዳርቻ፣ ከወዳጃቸው ከጋሽ ፍቅሬ አጠገብ፣ ሰፊ ቦታ መግዛት። እንግዲህ የእኛ ሰው ቤት ሲባል አስቀድሞ የሚጠይቀው የግቢውን ስፋት አይደል!

ባጃጁ ውስጥ ቀድማ የተቀመጠች ወጣት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። ሀሴት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የከተማ ፕላን ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞረች ነዋሪው በከተማው ማስፋፊያ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ለስብሰባ ትጠራለች።

«ወዴት ነው ጋሼ በጠዋቱ?»

«ቦታ ለማየት ነው ልጄ። ልጄንና የልጅ ልጆቼን የምሰበስብበት።»

«የአሁኑ ቤትዎስ?»

«ይሸጣል። ጠባብ ነው።»

«ለምን ፎቅ አይጨምሩበትም? እርስዎ ከታች፣ እነሱ ከላይ።»

«በስመአብ! ልጄ ከራሴ በላይ ስትረግጥ ልሰማ? ምነው፣ መሬት አለቀ እንዴ?»

«የልጅ ልጅ ኮቴ እኮ ነው ጋሼ፤ የሌባ አይደለም።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፤ ኮስተር ብለው ያዙት። እሷ ግን የዋዛ አይደለችም።

«ልጆቹ የት ሊማሩ ነው?»

«ከተማ። በባጃጅ ይመላለሳሉ።»

«እናታቸውስ የት ትሠራለች?»

«ያው ከተማ ነዋ።»

«እንግዲያው ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ታዲያ እርስዎ የልጅ ልጅ ሊያቅፉ ነው የሚሄዱት ወይስ ግቢ ሊጠብቁ?»

«ነገረኛ ነሽ!» አሉ ጋሽ መክብብ። ነገሩ ግን ከነከናቸው።

ከተማው አልቆ እንሰቱ ጀመረ። ከመንገዱ ዳር የተቆረጠ እንሰት ተጋድሟል፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ሀሴት አሳየቻቸው። «ገበሬው ከጓሮው ይነሳል፣ ዛፉ ይቆረጣል። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ የተራቆተውን አፈር ጠርጎ የከተማችን ሐይቅ ውስጥ ይጨምረዋል።»

ሐይቁ ሲነሳ ጋሽ መክብብ የድሮው ትዝ አላቸው። በወጣትነታቸው ሥራ ሲያበቃ ከባለቤታቸው ጋር በእግር ሐይቅ ዳር ይወርዱ ነበር። በየመንገዱ ሰላምታ ብቻ ግማሹን ጊዜ ይበላባቸው ነበር። ያን ሁሉ ለሀሴት አወሩላት።

«ከአዲሱ ቦታዎስ ጋሼ፣ በእግርዎ የት ይደርሳሉ?» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ፍቅሬ ባጃጁን ሲሰሙ በሩን ከፍተው እየሮጡ ወጡ ቢባል ይቀላል። ሀሴትም የስብሰባ ጥሪዋን ልታደርስ እዚያው ወረደች። ጋሽ መክብብን አቅፈው አልለቅ አሉ። «ገና ነው፣ ቁጭ በሉ! ምሳ ሳትበሉማ አትወጧትም!» ግቢያቸው ፈረስ ያስጋልባል። የሰው ድምፅ ግን የለም።

«ጎረቤትህ ማነው?» አሉ ጋሽ መክብብ ዙሪያውን ቃኝተው።

«ይኼ አጥር ነው። ያም አጥር ነው። ባለቤቶቹ አጥረውት ሄዱ፤ ዋጋው እስኪወደድ ይጠብቃሉ።»

«የጸሎት ኅብረትህስ፣ እዚህ አይሰበሰብም?»

«ለእኔ ብሎ እዚህ ድረስ ማን ይመጣል?»

«ታዲያ በስልክ ገነት ነው፣ ና ግዛ ስትለኝ የከረምከው?»

ጋሽ ፍቅሬ አንገታቸውን ደፉ። «ዋሸሁህ መክብቤ። ሰው ራበኝ። አንተ እንኳ ብትመጣልኝ ብዬ ነው።»

ጋሽ መክብብ ጠጋ ብለው ትከሻቸውን አቀፉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ዕድሜ ልካቸውን ሰምተዋል፤ ጎረቤት ያጣ ሰው ፊት እንዲህ እንደሚሆን ግን አላወቁም ነበር። ወዲያው ስልካቸውን አወጡ። «ፍቅርተ፣ ግቢውን አልሸጥም። እዚያው ታቦር ከላይ እሠራልሻለሁ፤ ልጆቹ እንዳሻቸው ይርገጡ። ትምህርት ቤት እኔው በእግሬ አደርሳቸዋለሁ።» ፍቅርተ ከደስታ ብዛት አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ።

«እሱስ ዳነ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ ወደ ሀሴት ዞረው። «ቀድሞ ለተሳሳተውስ መላ አለሽ ልጄ?»

«አለን ጋሼ። ሌላ እንሰት ከመቆረጡ በፊት እነዚህ የታጠሩት ባዶ ቦታዎች ቤት ይሠራባቸው ነው የምንለው። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ገበያውም እዚሁ ይምጣ። ማክሰኞ ስብሰባ አለ፤ መጥተው ይናገሩልን።»

ማክሰኞ ሁለቱም ሄዱ። ጋሽ መክብብ እንደ መምህርነታቸው ተነስተው አስረዱ። ባለው ግቢ ላይ ወደ ላይ ቢሠራ ልጅ ከወላጁ አይርቅም፤ ውሃና መብራቱ በተዘረጋበት ሰው ይበዛል፤ ገበሬው እንሰቱን አያጣም፤ የዳርቻው መሬት ዛፉን ካላጣ ሐይቁ ይተርፋል። «እኔ ራሴ ሰፊ ግቢ ያልኩት ለካ ሰፊ ብቸኝነት ነበር» ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ፍቅሬ ዞረ። «ለእርስዎ ሰፈር በቅድሚያ ምን ይምጣ አባቴ? አስፋልት ነው ውሃ?»

ጋሽ ፍቅሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ጎረቤት ልጄ» አሉ። «ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»