ባቡሩን ለቃሬዛ ያስቆምኩ ለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ቃሬዛ ሲያልፍ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ይወርዳል። ማንም ይሁን ማን። ባላባቱም ይወርዳል፣ ቃዲውም ይወርዳል፣ ሙሽራም ቢሆን ይወርዳል። እንዲያውም አንዴ ከከላላ ገበያ ስንመለስ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ወርዶ፣ ጥቂት ተሸክሞ፣ ተመልሶ ወደ ሠርጉ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሟች እስላም ነው፣ ሙሽራው ክርስቲያን ነው፣ ማን ጠየቀ? ቀብር ቀብር ነው። ኋላ አውቶቡስ ሲመጣም ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፣ ሰዉም ወርዶ ጥቂት ይሸኛል። እንዲህ ነበርን፤ እና አሁን የምነግራችሁን ጉድ ስሙ።

እህቴ ዘይነባ፣ ታላቄ ናት፣ አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ነበረች። በልጅነቷ ተድራ ሄዳ እዚያው ወልዳ እዚያው አረጀች። ባሏ እንድሪስ ሞቶ የተቀበረው ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በሯ ላይ ቆማ መቃብሩን ታየዋለች። ታዲያ ያ ልማት ልማት የሚባልበት ዘመን መጣና፣ ወንዙን ሊያሳምሩ፣ ባቡር ሊያስገቡ፣ ሰፈሩን እንዳለ አፈረሱት። አንድ ከረባት ያሰረ ይመጣና "እማማ፣ ለልማት ነው" ይላል። ቤት ሲፈርስ "ለልማት ነው"፣ ውሃ ሲቋረጥ "ለልማት ነው"። ሰዉን ሁሉ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አስገቡትና እሷና ሁለት ሦስት ቤት ብቻ፣ ፕላኑ ስላልነካቸው፣ ቀሩ።

እኔ ታማለች ተብዬ ከመካነ ሰላም ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ስደርስ ሰፈሩን አላወቅሁትም። ወንዙን ግራና ቀኙን በድንጋይ ገንብተውለታል፤ ውሃው ግን ያው ጥቁር፣ ሽታውም ያው። ዳር ዳሩን ሣር ተክለው "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" ብለው ጽፈዋል። ከብት አይበላው፣ ሰው አይረግጠው፣ ታዲያ ለማን ነው የበቀለው? በሣሩና በወንዙ መካከል ደግሞ ያ ባቡር፣ ግራና ቀኙ አጥር፣ ላዩ ሽቦ። የእህቴ ልጅ ሰይድ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ፣ "አጎቴ፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄድ" ይለኛል። የት ነው የሚሄድ ስለው፣ ከተማውን ጫፍ ለጫፍ ሄዶ ይመለሳል አለኝ። መመለሱ ካልቀረ ምን አደከመው፣ አልኩት።

ዘይነባን የጎዳት ግን ሣሩም አይደለም፣ ሽታውም አይደለም፤ አጥሩ ነው። በሯ ላይ ስትቆም መቃብሩ አይታይም፤ ባቡሩ ሲመጣ ሲሄድ ብቻ ነው የምታይ። እና እጄን ያዘችኝና፣ "ሙሄ፣ በመኪና እንዳታስጭነኝ። በሰው ትከሻ አውጥተህ ከእንድሪስ ጎን አድርገኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ወላሂ ብዬ እሺ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈች፤ አላህ ይዘንላት።

ሰይድ መኪና እንከራይ አለ። መቃብሩ እንትፍ ቢሉ የሚደረስበት ነበር፣ አሁን ግን በአጥሩ ምክንያት እስከ ሐዲዱ ማቋረጫ ድረስ ቁልቁል መዞር ነው፣ ደግሞም የሚሸከም ሰው የለም አለ። እውነቱን ነው፣ ሰው የለም። ቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ተበትኗል። ዱሮ ጡሩንባ ሲነፋ ከየበሩ ሰው የሚወጣበት ሰፈር፣ አሁን ቢነፋ የሚሰማው ያ የማይረገጥ ሣር ነው። ኮንዶሚኒየም ለገቡት ጎረቤቶቿ ስልክ ደውለን "እየመጣን ነው" ብለውን ነበር፣ ዙሁር ተሰግዶም ማንም የለም። ሟች ደግሞ አይቆይም። ታዲያ አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንባት፣ የመስጊዱን ሰዎች ጨምሮ ስምንት ሆነን አነሳናት። ስምንት ሰው! እዚህ እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ለሞተ እንግዳ እንኳ አገር ይወጣ የለም ወይ?

ማቋረጫው ዘንድ ስንደርስ ባቡሩ ከወዲያ ይመጣል። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ቁሙ አለን። ቃሬዛ ቁም ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ቦታዬን ለሰይድ ለቅቄ ሐዲዱ መሃል ገባሁና ከዘራዬን ወደ ላይ አነሳሁ። እንዲያ ነው የምናደርግ። ይገጨኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ቃሬዛ ካየ ይቆማል፣ ከቆመ ሰዉ ይወርዳል፣ አለቀ። ባቡሩ ጮኸ፣ ጮኸ። እኔም አልተነሳሁ። መጨረሻ ላይ እያፏጨ ፊቴ ቆመ፤ ከዘራዬን ብዘረጋ እነካው ነበር።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። "አባት፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ቃሬዛ አላየህም? ውረዱ በላቸው" አልኩት።

"ኧረ አባት፣ ከባቡር እኮ መሃል መንገድ ላይ አይወረድም።"

"ከበቅሎ የተወረደ ከባቡር የማይወረድ በምን ቁመቱ ነው?"

መስኮቱ ሁሉ ሰው ነው፤ ማንም ንቅንቅ አላለ። ስልካቸውን አንስተው እኔን ይቀርጹኛል፤ የተማረው፣ የለበሰው፣ የተኳኳለችው፣ ሁሉም አፍጥጦ ያየኛል። ሾፌሩ ብቅ አለና ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው ብሎ ለመነኝ። ልጄ፣ አንተን አልተቀየምኩም፣ የጫንካቸውን ነው፣ አልኩት።

ይሄኔ ከኋለኛው ፉርጎ በር ሲደበደብ ሰማሁ። አንድ ሰው ከውስጥ በቡጢ እየመታ፣ "ክፈቱልን፣ ዘይነባ ናት! የኛ ናት!" ይላል። ማን መሰላችሁ? ደምሴ ነው፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣ የቅሬው ዳኛ የነበረ፣ ቤቱ ፈርሶ ከተማ ዳር የሄደ። ስልኩ ሲደርሰው የድሮ ጎረቤቶቹን ከየፎቁ ሰብስቦ ተነሥቷል፤ መብራት ጠፍቶ ያ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር መንገድ ላይ ተገትሮባቸው ነው የዘገዩ። ጣቢያው ደግሞ ገና ወዲያ ነው፣ ባላስቆመው ኖሮ ይዟቸው ሊያልፍ ነበር። ሾፌሩ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ በሩን ከፈተው። እና ወረዱ። ሽማግሌው ወረደ፣ ጎልማሳው ወረደ፣ ሴቶቹም ወርደው እያለቀሱ ወደ ቤቷ ሄዱ። ደምሴም ሰይድን ገፋ አድርጎ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባና ማልቀስ ጀመረ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ሌላው ተሳፋሪ ግን አንድም አልወረደ። ለመቅረጽ ጊዜ ያለው ሰው፣ አሥር እርምጃ ለመሸኘት ጊዜ የለውም። ሠለጠንን ይላሉ እኮ! ዘይነባ ግን በትከሻ ሄደች፣ ተቀባብለን፣ ቃሬዛው ምድር ሳይነካ ከእንድሪስ ጎን አደረግናት። ያልኳትን ፈጸምኩላት።

ከአድማጮቹ መካከል የአያ ሙሄ የልጅ ልጅ ከድጃ፣ "አባባ፣ ይሰድቡታል እንጂ ቀባሪዎቹን ያመጣቸው እኮ እሱው ባቡሩ ነው" አለቻቸው።

አያ ሙሄ ከት ብለው ሳቁና፣ "አዎ፣ እሱ ነው ያመጣቸው" አሉ። "ከደጃፏስ ማን ነበር የወሰዳቸው?"