ከምሰሶው የተሰቀለችው ቅል

ሐምሌ ላይ ጎርፍ የዋጠውን የሩዝ ማሳ ልዘግብ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሄጄ፣ ባልና ሚስት ሲሟገቱ ደረስሁ። ሙግቱ ከቤታቸው ምሰሶ በተሰቀለች አንዲት ቅል ሩዝ ነው። ባልየው «ቡቃያውን ጎርፍ ወስዶታል፤ የቀረን ዘር ይቺ ናት፣ እንዝራት» ይላል። ሚስቱ ጥሩሰው ደግሞ «የመጀመሪያው ምርታችን መታሰቢያ ናት፤ አትነካም» ትላለች። የነፍስ አባታቸው ሊዳኟቸው ተቀምጠዋል።

«መናውም በወርቅ መሶብ ሆኖ ታቦቱ ዘንድ የተቀመጠው የልጅ ልጅ እንዲያየው ነው» አሉ ቄሱ። «መሶቧ እመቤታችን፣ መናው ጌታችን ነው።»

«አባ፣ ለእነሱ መናው በየማለዳው ይወርድላቸው ነበር» አለ ባልየው። «ለእኔ የወረደልኝ ጎርፍ ነው።»

እኔ የማውቀውን ተናገርሁ፤ ብዙ ዓመት የተሰቀለ ሩዝ አይበቅልም አልሁ።

ጥሩሰው ሳቀች። «ማን ብዙ ዓመት አለህ? መና እንኳ ሲያድር ተልቷል። እኔ በየመኸሩ አውጥቼ አዲሱን እተካለሁ» አለችና በገዛ ቃሏ ለባሏ እንደፈረደችለት ገባት። ከዚያ ቅሏን አውርዳ ባሏ በያዘው ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ለአንድ የችግኝ መደብ ይበቃል። ባዶዋን ቅል መልሳ ሰቀለቻት።

«አሁን ልጆቻችሁ ምን ያያሉ?» አልኋት።

«ባዶዋን ያያሉ» አለች፣ ወደ ባሏ እየተመለከተች። «እስክትሞላ ድረስ በየቀኑ አባታቸውን ይጠይቁታል።»