ሥዕሉን የማያዩት ጎብኚዎች

(ጎንደር፣ የሰዓሊው የጋሽ አስማረ ሥራ ቤት። የእህታቸው ልጅ ትርንጎ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ፈረንጅ ዝነኛ የሥዕል ቤትን ከነጎብኚዎቹ የሳለበትን ሥዕል ከመጽሐፍ አይታ ለሆቴል አዳራሽ ቀድታዋለች፤ ሁለቱም ፊቱ ቆመዋል።)

ትርንጎ፦ ፈረንጁ ከመቃብር ተነስቶ ቢያየው ብሩሹን ጥሎ ይመንናል! መቅዳት ብቻ አይደለም ጋሼ፣ አርሜለታለሁ።

ጋሽ አስማረ፦ አርሚ ያለሽ ማነው? ቅጂ ነው የተባልሽው።

ትርንጎ፦ እንደ ቃላችን ነው እንግዲህ። ይሄ ካማረ በአዲሱ ደብር የሚካኤልን ፊት የምስለው እኔ ነኝ። እስከ መቼ ቀሚስና ክንፍ ብቻ? የመላእክት ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ እኮ!

ጋሽ አስማረ፦ ቆይ። ይቺ ራቁቷን የተጋደመችው ሴት ምን ሆነች?

ትርንጎ፦ ጋቢ አለበስኳት። ያ ሁሉ ወንድ ከቧት!

ጋሽ አስማረ፦ ጋቢውስ ይሁን። መጽሐፉ ላይ ግን እነዚህ ባለ ነጭ ፀጉር መኳንንት ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ነበር የሚያዩት። ያንቺዎቹ ምን በደልኳቸው ብለው ነው እኔ ላይ የሚያፈጡት?

ትርንጎ፦ ወደ ሥዕሉ ከዞሩ በጎን ነዋ የሚታዩት! በጎን ከታዩ ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖራቸው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ኃጢአተኛ በአንድ ዓይን። ሥዕል ሊያይ የመጣን ሰው ሁሉ በምን ጥፋቱ ገሃነም ልክተተው?

ጋሽ አስማረ፦ እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው! ይሄ የሚሰቀለው ሆቴል ነው።

ትርንጎ፦ ሆቴል ውስጥ ጻድቅ የለም?

ጋሽ አስማረ፦ ኧረ ይቺ አፍ! ታዲያ ጥግ ላይ የቆመው ባለ አንድ ዓይን ማነው?

ትርንጎ፦ የቱ?

ጋሽ አስማረ፦ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈው።

ትርንጎ፦ እ... እሳቸውማ... አቶ ቢራራ ናቸው።

ጋሽ አስማረ፦ ባለ ሆቴሉ? "መኳንንቱ መሐል እኔንም አቁሙኝ" ብሎ ሥዕሉን ያዘዘው?

ትርንጎ፦ የላኩት ፎቶ ከጎን ነዋ! ስልክ ሲያወሩ የተነሱት። ሌላኛውን ዓይናቸውን አይቼው አላውቅ፣ ከየት አምጥቼ ልሳለው?

ጋሽ አስማረ፦ ፈረንጁ ሁሉ ጸድቆ ያገሬ ሰው ብቻውን ተኮነነ! በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ እኮ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል።

ትርንጎ፦ አንድ ዓይን ልጨምርላቸው? ጉንጫቸው ሰፊ ነው፣ ቦታ አለው።

ጋሽ አስማረ፦ ጉንጭ ላይ ዓይን! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ትርንጎ፦ በሞቴ ጋሼ፣ ሳይመጡ ልጠግነው! ፊት ልስል ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያለሁ፣ ለጎረቤት ነግሬያለሁ፣ ለማላውቀውም ሰው ነግሬያለሁ።

ጋሽ አስማረ፦ ብሩሹን አስቀምጪ። ቢራራ አንቺ ወንዝ ስትወርጂ መጥቶ አይቶታል።

ትርንጎ፦ ውይ በሞትኩት! እያወቁ ነው እስካሁን ያስጨነቁኝ?

ጋሽ አስማረ፦ ካልጨነቀሽ መች ትሰሚያለሽ?

ትርንጎ፦ ምን አሉ? ተቆጡ?

ጋሽ አስማረ፦ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። እኔ በሆዴ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይሄ ሁሉ ፈረንጅ ሥዕል ቤት ገብቶ ሰው ላይ ያፈጣል፤ ሥዕሉን የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ። የሠለጠነ ሰው አድርጋችሁ ሳላችሁኝ!" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

ትርንጎ፦ እልልልል! ሆን ብዬ እኮ ነው!

ጋሽ አስማረ፦ አሁን ዓይኑን አላየሁትም ስትዪ አልነበር?

ትርንጎ፦ እጄ ያውቅ ነበር፤ ለእኔ ነው ያልነገረኝ። በሉ እንግዲህ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው። አዲሱ ደብር ላይ ፊት እስላለሁ!

ጋሽ አስማረ፦ ትስያለሽ። ግን የሚካኤልን አይደለም፤ ከእግሩ ሥር የተረገጠውን ሰይጣን ነው። እሱ ቢበላሽም የሚቀየመን የለም።