የእናና የክርስትና ስም

እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ ቀሐ ሰፈር ካለው ቤቷ ተሰብስበን ሳለ፣ ቄሱ ለጸሎት የክርስትና ስሟን ጠየቁን። እኔ «ወለተ ማርያም» ስል እህቴ «ወለተ ሥላሴ» አለች። ወንድሜ ደግሞ «እናና ነው እንጂ!» ብሎት አረፈ። ዕድሜ ልካችንን በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅማ! የነፍስ አባቷ ቀድመዋት አርፈዋል፤ ማንን እንጠይቅ?

እኚህ አዲሱ ቄስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከዳዊታቸው መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በየቅዳሴው እንዲጠሩላት ራሷ የሰጠቻቸው ነው። የሁላችንም የክርስትና ስም አንድ በአንድ ሰፍሯል፤ እናናን ስታማ የኖረችው የወንድሜ ሚስት እንኳ አልቀረችም!

«የራሷስ?» አልኳቸው።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አሉ። «‹ምነው መምሬ፣ እኔንማ ልጆቼ ያስጠሩኛል› አለችኝ።»