የወይዘሮ ገበያነሽ ሃያ ኪሎ

ሀፍረት ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ የቀዬው ባለሱቅ ወይዘሮ ገበያነሽ እህታቸው በተቀበሩ ዕለት አብረው በተቀበሩ ነበር። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ያረፉት ከገደሉ ሥር ካለው መንደር ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቁልቁለቱን አዩት፤ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ እንዴት ይወረድ? ተመለሱ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ታምሜ ነው» አሉ። መንዝ ውስጥ ከእናት ልጅ ቀብር መቅረት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ነገሩ ሲከነክናቸው ሰንብቶ በሦስተኛው ሳምንት ማሉ፤ «እስከ አርባዋ ሃያ ኪሎ ካልቀነስኩ ሰው አይደለሁም!» ቁርሱም ምሳውም ቀረ። በአራተኛው ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዓይናቸው ጨለመባቸውና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። በዚያች ሰዓት በዚያ መንገድ ማን ቢያልፍ ጥሩ ነው? የሟች ልጅ፣ ነርሷ አርሴማ! ለእናቷ አርባ ብቅል ልትገዛ ወጥታ ነው።

«እትዬ! ምነው? አሁንም አልተሻለዎትም?»

ይህች «አሁንም» የምትባል ቃል ሆዳቸውን እንደ ወስፌ ወጋቻቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ አዞረኝ እንጂ።»

«ምን በልተዋል?»

«ትናንት ቆሎ ቀምሻለሁ።»

«ጾም እንኳ የለ! ራስዎን ሊገድሉ ነው? እኔ እኮ ሰው ሲያማዎት ‹ታመው ነው፣ ተዉአቸው› እያልኩ ስሟገት ከረምኩ።»

ወይዘሮዋ ይህን አልቻሉትም፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«አልታመምኩም ነበር፣ አርሴማ። አፋፉ ላይ ደርሼ ነው የተመለስኩት። ይሄ ገላዬ ነው ከእህቴ ቀብር ያስቀረኝ። ምን ሰው ነኝ እኔ?»

«ከአፋፉ? እኛ እኮ ሬሳውን አስቀምጠን እርስዎን ስንጠብቅ ፀሐይ ዘቀዘቀች!»

ልጅቷ ተናደደች፤ ብትናደድ ማን ይፈርድባታል? ቆይታ ግን አጠገባቸው ቁጭ አለችና እጃቸውን ያዘች።

«ታዲያ ይህ ረሃብ ምን ሊያመጣ ነው?»

«እስከ አርባዋ ሃያ ኪሎ ልቀንስና ልወርድ።»

«አሥራ አምስት ቀን ለቀረው! ይህ ክብደት ስንት ዓመት ፈጀ?»

«ሱቅ ከተቀመጥኩ አሥር ዓመቴ ነው።»

«የአሥር ዓመቱን በአሥራ አምስት ቀን? ማሳውን ሁሉ በአንድ ጀምበር እረስ ቢሉት የትኛው በሬ ይችላል?»

«እና ልተወው?»

«አይተዉትም፤ ግቡን ይለውጡት። ሚዛኑን ማዘዝ አይችሉም፤ እግርዎንና አፍዎን ግን ያዛሉ። የሚፈልጉት መቅጠን ነው?»

«እህቴ መቃብር መድረስ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ይያዙ። ቀኑም ሙት ዓመቷ ይሁን። በዚህ ሳምንት ከሱቅዎ ወፍጮ ቤት ደርሶ መልስ፣ በየቀኑ፤ ሌላ አልጠይቅዎትም። እሱ ሲቀልልዎት እንጨምራለን። ያን ስኳር የበዛበት ሻይ ከስድስት ብርጭቆ ወደ ሁለት ያውርዱት። ቁርስዎን ግን ይብሉ።»

«ወይ ጉድ! ልጅ የዳርኩ ሴትዮ ባዶ እጄን ወፍጮ ቤት ስመላለስ ሰው ምን ይለኛል? ‹ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ› ነው የሚሉኝ። ስከሳ ደግሞ ‹ደኸየች› ይላሉ!»

«ይበሉ። ከቀብር በመቅረትዎ ካሙዎት የባሰ ምን ይሉዎታል?»

አዬ የእኛ ነገር! ተቀምጦ መወፈርን ክብር፣ ለጤና በእግር መሄድን እብደት ያደረግን ሰዎች!

«አንድ ቀን ቢያቅተኝስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«በማግስቱ ይቀጥላሉ። ብቻ አይማሉ፤ መሐላው አንድ ቀን ሲፈርስ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ይተወዋል።»

«እሺ፣ ወፍጮ ቤት ድረስ» አሉ።

በማግስቱ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ጀመሩት። የሳቀም ነበር። በወሩ ወፍጮ ቤቱን አልፈው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ፤ በስድስተኛው ወር አፋፉ ድረስ ሳያርፉ ሄደው ተመለሱ። ዓመቱ ሲሞላ ከሃያው ኪሎ የወረደው ሰባቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ጉልበታቸው ሌሊት መጠዝጠዙን ተወ፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ፣ ቅዳሴ ሳይቀመጡ አስቀደሱ፣ አርሴማ የምትለካው የደም ግፊታቸውም ወረደ። ትልቁን መሐላ ትተው ትንሹን ግብ በመያዛቸው ያገኙት ይህን ሁሉ ነው።

በሙት ዓመቷ ቁልቁለቱን ሦስት ጊዜ አርፈው ወረዱት። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ወደ መቃብሩ ተጠጉ።

«ያን ቀን ታማ ቀረች ያላችሁ ሁሉ፣ ዋሽቻችኋለሁ። ገላዬ ከብዶኝ ነው፤ የዋሸሁት እሱን ለመናገር አፍሬ ነው።» ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ቀና ብለው ሰው ማየት አልቻሉም። ከዚያ ተንበርክከው አፈሩን ዳሰሱትና «ዓለሚቱ፣ እህቴ፣ ዘገየሁብሽ» አሉ።